ለአሰለፈች ጉልበት የምትሆን መኪና

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት።

ማስታወሻዬ፣ ሌላውን ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ፦ መኪናዋ ለእኔ አይደለችም። እኔ መኪና አልወድም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምቸኩልበት ቦታም የለኝም። መኪናዋ የምትገዛው አሰለፈች እህቷን እንድታይ ነው።

እህቷ እትዬ ብርቄ ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ፣ ቤታቸው፣ አልጋ ላይ ናቸው። ባለቤቴ አሰለፈች እዚህ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ወንበር ላይ። ጣሪያችን ላይ ለወጣ ጋራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለቱ ግን ከፋሲካ ወዲህ አልተያዩም። ስልክ አይሆንም፤ እትዬ ብርቄ ጆሯቸው ከተደፈነ ቆይቷል።

ባጃጅ ሞክረናል። የግራ ጉልበቷ አይታጠፍም፤ ባጃጅ ደግሞ ጉልበቱን ላላጠፈ ሰው ቦታ የለውም። ባለፈው ከሸዋ በር ተነሥተን ሆስፒታል እስክንደርስ ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች። ስንመለስ «ይቅርብኝ» አለች። በቃ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላማረረችም። ብታማርር ይሻለኝ ነበር። ሚኒባስ ደረጃው ከፍ ይልባታል። ኮንትራት መኪና ለአንድ ቀን ይሆናል፤ እትዬ ብርቄ የሚያስፈልጋቸው ግን ሁልጊዜ የሚያጥባቸውና የሚያጎርሳቸው እጅ ነው። የሰው እጅ አይወዱም። የእህታቸውን ነው።

ሕይወት ትናንት ደወለች። ልጃችን ናት፤ አ.አ. ሆና ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ግማሹን እሷ፣ ግማሹን እኛ ካጠራቀምነው አውጥተን እንገዛለን። በድሬዳዋ መንገድ ላይ አዲስ የተከፈተ የመኪና መሸጫ አለ። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና አላቸው፤ በስልኳ አይታ ወዳታለች። ትንሽ ትሁን፣ ግን የቅንጦት ትሁን ትላለች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በመንግሥት መኪና ስትንገላታ ኖራለች ትላለች። ውሉን እዚያው አ.አ. ካለው ዋና ቢሮ እሷ ትፈርማለች። ማየትና መመርመር የእኔ ሥራ።

ማን ይነዳል አልኳት። አንተ ነሃ አባዬ አለች።

ወሬ ቀየርኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከሰዓት።

እዚህ አገር ትልቅ ነገር ሊገዛ የሚሄድ ሰው ብቻውን አይሄድም። አንድ አጣጣይ ይዞ ይሄዳል። ገዢው ያያል፣ አጣጣዩ ያጣጥላል። ሻጩም ይህን ያውቃል፤ አይቀየምም። የእኔ አጣጣይ ጎረቤቴ ሐጂ ዩሱፍ ናቸው። እህል ሲነግዱ የኖሩ ሰው፣ ምላሳቸው ስለት ነው።

የመሸጫው ፊት ሙሉ መስታወት። ወለሉ ያንሸራትታል። ሻጩ ናስር ይባላል፤ ወጣት፣ ጨዋ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ሐጂን ሲያይ ለምን እንደመጡ ገባው፤ ፈገግ አለ።

መኪናዋ ነጭ ናት። ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት። ከሸዋ በር ገብታ ቤታችን ደጃፍ ትደርሳለች፤ መንገዱን ትናንት ለክቼዋለሁ። ናስር ከጌጡ ጀመረ። ጣሪያው መስታወት ነው። የውስጥ መብራቱ ቀለም ይቀያይራል። ወንበሩ ይሞቃል።

ሐጂ እዚህ ላይ ገቡ። «ለድሬዳዋ ቁልቁለት ነው መቀመጫ የሚሞቀው? እዚያ የሚያቀዘቅዝ ነው እንጂ የሚፈለገው።»

ናስር፣ «እሱም አለው ሐጂ። ያቀዘቅዛል።»

ሐጂ ወደ ጣሪያው ዞሩ። «ጣሪያው መስታወት ከሆነማ ፎቅ ላይ የቆመ ሁሉ ምን ጫት እንደያዝን ያያል።»

እኔ ጌጡን ተውኩት። የአሰለፈችን ወንበር ቁመት በሸንበቆ ለክቼ ቆርጬ ይዤ ነበር። ከእሱ ዝቅ ካለ መነሳት አትችልም። ሸንበቆውን በሾፌሩ በር በኩል አስጠጋሁት። መቀመጫው ዝቅ ይላል። ከፍ ማድረግ ይቻላል ወይ? ናስር ገብቶ ተቀመጠ፤ በጎን ያለችውን ቁልፍ ተጫነ። መቀመጫው እንደ ሊፍት ይዞት ወጣ። ሸንበቆው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። «ከፍ ይላል» ብዬ ጻፍኩ።

መብራት ቢጠፋስ? ከቤት መስመር ቀስ ብላ ትሞላለች፣ አንዴ ከሞላች ለቀናት ትበቃለች አለ። ሐጂ፣ «መብራት ሲጠፋ እኛም እሷም አብረን እንተኛለን» አሉ።

ማርክ የመስጠት የመምህርነት ልማዴ አልለቀቀኝም። ከመቶ ሰማንያ አምስት ሰጠኋት። ሐጂ ስልሳ አሉ። ሐጂ ለራሳቸው ልጆችም ከስልሳ በላይ ሰጥተው አያውቁም።

ደክሞኛል። እግሬን ሳይሆን ሌላ ቦታ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ማታ 12 ሰዓት።

ልምምድ። በሐጂ አሮጌ ፒክአፕ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ።

መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ በወጣትነቴ ያወጣሁት። በቤታችን ግን የምትነዳው አሰለፈች ነበረች። ነርስ ነበረች። የክትባት ሣጥን ጭና የጤና ቢሮውን መኪና ሶፊ ገጠር ድረስ ስታመላልስ ኖራለች። የራሳችንንም አሮጌ መኪና የምትይዘው እሷ። ግራ ጉልበቷ ፍሪሲዮን መርገጥ ሲያቅተው ሸጥናት። እኔ ከጎን እየተቀመጥኩ ደብተር ሳርም ነው የኖርኩት።

ዛሬ ማርሽ ባስገባሁ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ወደ ፊት የሄድኩ መስሎኝ። ሐጂ መቀመጫውን ጨብጠው ቢስሚላህ እያሉ። በመጨረሻ፣ «መምህር፣ ስንት ዓመት ነው ሰው ሲያስተምሩ የኖሩት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እንግዲህ ተማሪ ምን እንደሚሰማው ዛሬ አወቁ» አሉ። አዲሷ መኪና ማርሽ የላትም፣ ትቀልላለች ብለው አጽናኑኝ። ፍርሃቴ ግን ማርሹን አይደለም። መንገዱን ነው። ባጃጁን፣ አህያውን፣ ሕፃናቱን። አንድ ዓይኔ ሞራ ተነሥቶለታል፤ ሌላው ተራውን እየጠበቀ ነው።

ቤት ስገባ አሰለፈች ፊቴን አየች። ምንም ሳልነግራት፣ «ፍሪሲዮን እንቁላል እንደረገጠ ሰው ነው የሚለቀቅ» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። መስኮቱ ወደ ጋራው ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከቀኑ 8 ሰዓት።

ማርኬን ሰርዣለሁ።

አሰለፈችን ዛሬ ወሰድናት፤ ራሷ ትቀመጥባት ብዬ። በሐጂ ፒክአፕ፣ እግሯን ዘርግታ፣ በየጉድባው ዓይኗን እየጨፈነች። መሸጫው ውስጥ ናስር የቀኙን በር ከፈተላት። ሾፌሩ እኔ፣ እሷ ከጎኔ፤ እንደዚያ ነው ያሰብነው። ገባች። መግባትስ ገባች፤ ሰመጠች። ቆዳው ልስልስ፣ መቀመጫው ጥልቅ። ናስርን ከፍ አድርግላት አልኩት።

ናስር ፊቱ ተለወጠ። በዚህ በኩል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚሄደው አለ። ከፍ የሚለው የሾፌሩ ነው።

ረቡዕ ዕለት የለካሁት የሾፌሩን ነው። ለሁለቱም አድርጌ ጻፍኩት። አንድ ጎን ለክቶ ሌላው እኩል ነው የሚል ተማሪ ቢመጣብኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።

አሰለፈች መውጣት አቃታት። ቀኝ እግሯ ወጣ፤ ግራው፣ የማይታጠፈው፣ ውስጥ ቀረ። በአንድ ብብቷ ሐጂ፣ በሌላው እኔ፣ ናስር እግሯን ይዞ። ጫማዋ ወለቀ። ሰው ከመንገድ በመስታወቱ ያያል። እሷ ግን መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ሲያዳክማት ደግሞ ይብስ ከበደችን።

«ለዚህ ሁሉ ብር እንደ ጆንያ ተጎትቼ ልወጣ?» አለች።

ናስር ይቅርታ እማማ፣ ይቅርታ እማማ ይላል። ሐጂ አንድ ነገር አላጣጣሉም። ያኔ ነገሩ እንደከፋ ገባኝ።

ለሕይወት ደወልኩ። ከፍ ያለውን ትልቁን ውሰዱ ትላለች። ትልቁ መንገዳችን አይገባም፤ መወጣጫውም እንደ ሚኒባስ ነው። ይቅር አልኳት። ለምንድን ነው ቶሎ ተስፋ የምትቆርጠው አባዬ አለች። ቶሎ አይደለም አልኳት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ማታ 1 ሰዓት።

ከባድ ቀን። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት የእትዬ ብርቄ ጎረቤት ፋጡማ መጣች። እሳቸውን የምትረዳ እሷ ናት። ደጅ ጠራችኝ፤ አሰለፈች እንዳትሰማ። እትዬ ብርቄ ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ጥቁር ነጠላ አምጪልኝ ብለዋታል። አሰለፈች ሞታለች፤ በሽተኛ ስለሆንኩ መርዶውን ደብቃችሁኛል ይላሉ። «ወላሂ ምያለሁ፣ አልሰማ ብለው ነው» አለች ፋጡማ።

ማስታወሻዬ፣ ሴትዮዋ አላበዱም። እኛ እንዲህ ነን። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። እሳቸውም በደህና ዘመናቸው ስንት በሽተኛ ፊት እየሳቁ ቁጭ ብለዋል፣ ውጭ ለቅሶ ተቀምጠው። ብልሃቱን ያውቁታል። ለዚህ ነው ማንንም የማያምኑት።

ወጣሁ ሐኪም ጋራ። ጆሯቸው ሥር ጮህኩ። አልሰሙም። በትልልቅ ፊደል «ደህና ናት፣ ጉልበቷን ነው» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። አነበቡና፣ «ስትዋሽ ጽሕፈትህ ያምራል» አሉኝ። ስልኬ ላይ ያለ ፎቶዋን አሳየኋቸው። የድሮ ነው አሉ። ኮቴን በጣታቸው ዳሰሱት። «ጥቁሩን በር ላይ አውልቀህ ነው የገባኸው። ደግ አደረግህ። አሁን ውጣና ልበሰው» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያመጣሁትን ሙዝ ትራስጌ አስቀምጬ ወጣሁ።

አሰለፈችን ልደብቃት አስቤ ነበር። ከዚያ በራሴ አፈርኩ። መደበቅ ነው እዚህ ያደረሰን። ነገርኳት።

አላለቀሰችም። ጉልበቷን እያሻሸች ጥያቄ ጀመረች። ከፍ የሚለው ወንበር የሾፌሩ ነው አይደል? አዎ። መኪናዋ ማርሽ የላትም አይደል? የላትም። ፍሪሲዮንስ? የላትም። እግር ሥር ስንት ነው ያለው? ሁለት፤ ነዳጅና ፍሬን፤ ነዳጅ ባይኖራትም።

«ሁለቱም በቀኝ እግር?»

«ሁለቱም በቀኝ።»

«የእኔ ቀኝ ምን ሆነ?»

ተነሥታ፣ በምርኩዟ፣ ከመሳቢያው መንጃ ፈቃዷን አወጣች። ያልተቃጠለ፣ የታደሰ። በየጊዜው ሐኪም ዘንድ ቀርባ፣ ፎቶ ተነሥታ ስታሳድስ አይቻታለሁ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ለመታወቂያ መስሎኝ።

«ሁላችሁም በሽተኛዋን የት እናስቀምጣት ስትሉ ነው የከረማችሁት» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ድካም ነው። እንደ እኔው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ማታ 12 ሰዓት።

ማስታወሻዬን የከፈትኩት ኮቴን ሳላወልቅ ነው። በደስታ ይሁን በፍርሃት አልለየሁትም።

3 ሰዓት ላይ መሸጫው ደረስን፣ በሐጂ ፒክአፕ። አሰለፈች መሞከር እፈልጋለሁ አለችው ናስርን። ናስር ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ጣሪያው። መንጃ ፈቃዷን አገላብጦ አየው። ደንቡ እስከ አደባባዩ ሄዶ መመለስ ነው አለ።

በሾፌሩ በር በኩል ቀኝ እግሯ ቀድሞ ገባ። መቀመጫው ከፍ ብሎ ጠበቃት። ግራ እግሯን ሳታጥፈው አስከትላ፣ ከፍሬኑ በስተግራ ባለችው ባዶ ቦታ ዘረጋችው። ስትወጣ ደግሞ የማይታጠፈው እግር ቀድሞ ይወጣል፤ እንደተዘረጋ። በቀኙ በር ግን መጨረሻ የሚቀረው እሱ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦሜትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

ናስር ከጎኗ፣ እኔና ሐጂ ከኋላ። መስታወቱን አስተካከለች። መቀመጫውን አስተካከለች። መኪናዋ ያለ ድምፅ ተነሣች። ሐጂ ቢስሚላህ አሉ፤ ከዚያ ዝም። በመኪና ውስጥ ሐጂ ዝም ሲሉ የመጀመሪያዬ ነው።

አደባባዩ ደረስን። አልዞረችም።

«እማማ፣ መመለሻችን ይኼ ነበር» አለ ናስር።

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ሐኪም ጋራ። እህቴ ሞተሻል እያለችኝ ነው።»

ናስር ዞሮ አየን። ሐጂ ነገሩን ባጭሩ ነገሩት። ልጁ፣ የራሴም አያት እንዲህ ናቸው አለ፤ ቀበቶውን አጠበቀ። ጠጠሩ መንገድ ላይ ስንደርስ ግን የመኪናዋን ሆድ ድንጋይ በነካው ቁጥር «ያ አላህ፣ ከሥራ መባረሬ ነው» ይላል። ሐጂ አቋረጡት፦ «ዳገት ትወጣለች ብለህ የለ? እያረጋገጥንልህ ነው።» አሰለፈች ድንጋዩን በግራና በቀኝ እያሳለፈች። በዚህ መንገድ የክትባት ሣጥን ስታወጣ የነበረች ሴት ናት። እኔ ረስቼው ነበር። እጆቿ አልረሱትም።

ስትወርድ ማንም አልደገፋትም። ምርኩዟን ብቻ ጠየቀች።

እትዬ ብርቄ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነበር። ፋጡማ ትከሻቸውን ነካቻቸው። ዞሩ። አዩ። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ያዙ፣ ቆነጠጡት፤ አጥብቀው። አሰለፈች አልጮኸችም።

«ወፍረሻል» አሉ እትዬ ብርቄ።

ከዚያ ነው ያለቀሱት፤ ሁለቱም። እኛ ሦስታችን ወጣን።

ስንመለስ አሰለፈች እያጎረሰቻቸው ነው። እትዬ ብርቄ ናስርን በአገጫቸው ጠቁመው ሾፌሯ ነው ወይ አሉ። አሰለፈች አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ በእጆቿ መሪ ይዛ እንደመዞር አድርጋ ደረቷን ነካች። እትዬ ብርቄ በበሩ በኩል ነጯን መኪና አይተው፣ «በዚያች ጫማ በምታክለው?» አሉ። ሐጂ በጣም ደስ አላቸው። የሚያጣጥል ጓደኛ አገኙ።

ናስር ሙዝ በላ። ለአለቃው ምን እንደሚል አላወቀም። ሐጂ የመኪናዋ ሥር ገብተው አዩ፦ አንድ ቀጭን ጭረት። ይቺንማ ከዋጋው ላይ እናስቀንሳታለን አሉ። ናስር መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ጠዋት።

ትናንት ለሕይወት በስልክ ነገርኳት። እማዬ? በዚያ እግሯ? አለች። እሷ ካልነዳች ማን ይነዳል አልኳት። አንተ አለች። እኔ እንደማልችል የዚያኔ ነው አፍ አውጥቼ የነገርኳት። እደውላለሁ ብላ ዘጋች። እስካሁን አልደወለችም። ናስር መኪናዋን እስከ ቅዳሜ አቆይላችኋለሁ ብሏል፤ ሌላ የሚያያት ሰው መጥቷል። አሰለፈች ከትናንት ጀምሮ ስልኩን አጠገቧ አድርጋለች።

ወስኛለሁ። የሚከተለውን ለሕይወት እልካለሁ። መጀመሪያ እዚህ ልሞክረው፣ ስድብ እንዳይኖርበት።

«ሕይወት ልጄ፣

መኪናዋን አይቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በስህተት አንዴ በትክክል። እንከን አላት። ሆዷ ዝቅ ያለ ነው፤ ጠጠር መንገድ ላይ ቀስ ማለት ይፈልጋል። መብራት በጠፋ ጊዜ አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። ወንበሩ ማሞቁ ለእኛ ምንም አይሠራልን። የቀረው ሁሉ ደህና ነው።

እናትሽ ትነዳታለች። መሪ ላይ ሳያት ከኋላ ነበር የተቀመጥኩት፤ ከአደባባዩ እስከ ሐኪም ጋራ አንድ ጊዜ ፍሬን በድንገት አልያዘችም። እኔ ብሆን የት እንደምንሆን ሐጂ ዩሱፍን ጠይቂ። ፍርሃትሽን አልንቀውም፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ግን በዚያ ወንበር ላይ ሆና መስኮት ስታይ ከርማ ይኸው እትዬ ብርቄ ሞታለች ብለው ጥቁር ጠየቁላት።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ውሉ ላይ የገዢው ስም የእኔ አይሁን፣ ያንቺም አይሁን። ወ/ሮ አሰለፈች ተብሎ ይጻፍ። ሊብሬውም በእሷ ስም ይውጣ።

እትዬ ብርቄ ማክሰኞ በልተዋል፤ ትናንትም። ዛሬ ጠዋት ግን ፋጡማ እንደምትለው፣ አሰለፈች መጥታ ያጎረሰችኝ በሕልሜ ይሆን ብለው ጠይቀዋል። ስለዚህ ቶሎ መልሺልኝ። ዛሬውኑ።»